የማግኘት ዕዳ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ በሚገኘው በዲማ ጊዮርጊስ፣ እንደሌሎቹ የጎጃም የትምህርት ደብሮች ሁሉ፣ ዕውቀት ያለ ዘር ሐረግ አይቆምም። አንድ የቅኔ ሰው ሲነሣ የተናገረው ቅኔ ብቻ ሳይሆን የመምህሩም ስም አብሮ ይነሣል፤ መምህሩ ሲነሣ ደግሞ የመምህሩ መምህር ይከተላል። የሚያስገርመው የቅኔ ቤት ቋንቋ ቅኔ ማቅረብን «ዘረፋ» ብሎ መጥራቱ ነው። ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር ውሎ ከመምህሩ ፊት ይዘርፋል። ይሁንና በዚያው ቤት የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ የጓደኞቹ መሳለቂያ ይሆናል። ዘረፋው ከቃላት ጓዳ ነው እንጂ ከሰው ጓዳ አይደለም።

ይህ የቅኔ ቤት ሥርዓት ከአንድ የትምህርት ዘርፍ ክልል አልፎ የሚሄድ ጥያቄ በውስጡ ይዟል። ጥያቄውም «አንድን ነገር አገኘ የሚባለው ማን ነው?» የሚል ነው። መጀመሪያ ያየው ነው? መጀመሪያ ስም ያወጣለት ነው? ወይስ ምንነቱን መርምሮ በመዝገብ ያሰፈረው? «አገኘ» የሚለው የአማርኛ ቃል ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ አይሰጥም። የጠፋ በሬውን ከዱር ያየ ገበሬ አገኘ ይባላል። ነግዶ ያተረፈም አገኘ ይባላል። «ሰውዬውን ምን አገኘው?» ሲባል ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና ሰው አግኚ መሆኑ ቀርቶ ተገኚ ይሆናል፤ አንድ ነገር ደርሶበታል ማለት ነው። ማየት፣ ማትረፍና መከራ መቀበል በአንድ ግሥ ተጠቅልለዋል። ሦስቱ ትርጉሞች በአንድ ላይ የሚታዩበት ታሪክ ሩቅ ሳይኬድ ከኢትዮጵያ ጎረቤት ይገኛል።

ዋቢ ሸበሌ ከባሌና ከአርሲ ደጋ ተነሥቶ፣ ኦጋዴንን አቋርጦ ሱማሊያ ሲዘልቅ የሚደርስበት አገር ሂራን ይባላል። በዚሁ አገር፣ ኤል አሊ ከምትባለው መንደር በስተሰሜን፣ ከኖራ ድንጋይ ሸለቆ ውስጥ 15 ቶን ከ150 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የብረት አለት ነበር። አለቱ ከምድር የወጣ አይደለም፤ ከሰማይ የወደቀ፣ ሊቃውንት ሜትዮራይት የሚሉት ነው። በዓለም ላይ ከታወቁት መሰሎቹ መካከልም በግዙፍነቱ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ይቆጠራል። የአካባቢው ግመል አርቢዎች ከአምስት እስከ ሰባት ለሚደርስ ትውልድ ያውቁታል። ስሙንም «ሺድ ቢሮድ» ብለውታል፤ የብረት ድንጋይ ማለት ነው። ቢላዋቸውን ስለውበታል፤ በዘፈናቸው፣ በጭፈራቸውና በግጥማቸው ውስጥ አስገብተውታል። ከሌላው ድንጋይ የተለየ መሆኑን ለማወቅ የሚያስተምራቸው አላስፈለጋቸውም። ቢመቱት የብረት ድምፅ ይሰጣል፤ ቢስሉበት ስለት ያወጣል፤ በዙሪያው ካለው ነጭ የኖራ ድንጋይ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

የውጭው ዓለም ወሬውን የሰማው ማዕድን ፈላጊዎች አካባቢውን ካሰሱ በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. ነው። ከአለቱ ላይ ናሙና ተቆርጦ ለምርመራ ተላከ። 70 ግራም የምትመዝን አንዲት ቁራጭ ካናዳ፣ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ደረሰች። የዩኒቨርሲቲው የሜትዮራይት ስብስብ ኃላፊ የሆኑት ፕሮፌሰር ክሪስ ኸርድ ቁራጯን ሲመድቡ ያልተለመደ ነገር አስተዋሉና ለባልደረባቸው ለአንድሩ ሎኮክ አሳዩአቸው። ሎኮክም በምርመራው በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ ሁለት አዳዲስ ማዕድናት በውስጧ መኖራቸውን ተናገሩ። ግኝቱ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለዓለም ተገለጸ። አንደኛው ማዕድን በመንደሪቱ ስም «ኤላሊአይት» ተባለ። ሁለተኛው የብረታማ ፕላኔቶችን አፈጣጠር በማጥናት በታወቁት በአሜሪካዊቷ ምሁር በሊንዲ ኤልኪንስ ታንተን ስም «ኤልኪንስታንቶናይት» ተባለ። ቆይቶም ሦስተኛው በቺካጎው የፊልድ ሙዚየም ባገለገሉት በኤድዋርድ ኦልሰን ስም «ኦልሴናይት» ተባለ። ሦስቱም ብረት፣ ፎስፎረስና ኦክሲጅን ያለባቸው ውሁዶች ናቸው።

ሎኮክ በአንድ ቀን እንዲህ ያለ ፍርድ ሊሰጡ የቻሉበት ምክንያት ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሁለቱ ውሁዶች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ቤተ ሙከራ ውስጥ በሰው እጅ ተሠርተው ነበር። ስለዚህ ቅንብራቸው በጽሑፍ ነበረ፤ ያልታወቀው ተፈጥሮም እንደምትሠራቸው ነበር። በማዕድናት ጥናት ሕግ ደግሞ ከተፈጥሮ እጅ ያልተገኘ ነገር ማዕድን ተብሎ ስም አይወጣለትም።

እንግዲህ ኤላሊአይትን ማን አገኘው? አርቢዎቹ ድንጋዩን ያውቁ ነበር፤ ማዕድኑን ግን አያውቁም። የፈረንሳይ ጠበብት ውሁዱን ያውቁ ነበር፤ ድንጋዩን ግን አላዩም። የአልበርታ ሊቃውንት ሁለቱን አገናኙ፤ ይሁን እንጂ አርቢዎቹ ባይጠብቁት ናሙናው፣ ፈረንሳዮቹም ባይጽፉ ማመሳከሪያው በእጃቸው ባልገባ ነበር። በመዝገብ ላይ «አግኚ» ተብሎ የሚሰፍረው የመጨረሻው ነው። ይህ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም።

ከዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ይነሣሉ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ ማወቅ ማለት ምክንያቱን ማወቅ ነው፤ በድንጋይ ላይ ቢላዋ የሳለ ሰው ድንጋዩን ተጠቀመበት እንጂ አላወቀውም፤ ስለዚህ የዕውቀት ታሪክ ከመርማሪው ይጀምራል። ሁለተኛው ደግሞ በቁጣ ይመልሳል፦ ሕዝብ ሁሉን ያውቃል፤ ሊቅ የሚባለው የሕዝቡን ዕውቀት በባዕድ ቃል ጽፎ የሚወስድ ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ብቻቸውን ሲቆሙ ይወድቃሉ።

የመጀመሪያው አስተያየት መውደቁን ለማሳየት የሜትዮራይት ጥናት የራሱ ታሪክ በቂ ነው። በመስከረም 1768 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ፣ ሉሴ በምትባል መንደር ገበሬዎች ድምፅ ሰምተው ቀና ሲሉ ድንጋይ ከሰማይ ወርዶ ከሣር ላይ ወደቀ። ነገሩ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ቀረበ። ከመርማሪዎቹ አንዱ ታላቁ የኬሚስትሪ ሊቅ ላቮዋዝዬ ነበር። አካዳሚው የሰጠው ፍርድ ድንጋዩ ከሰማይ አልወደቀም፣ መብረቅ የመታው ተራ የምድር ድንጋይ ነው የሚል ሆነ። በ1794 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኤርንስት ክላድኒ የምስክሮችን ቃል ሰብስቦ፣ ድንጋዮቹ በእርግጥ ከሕዋ እንደሚመጡ ሲጽፍ ብዙዎች ተሳለቁበት። በሚያዝያ 1803 እ.ኤ.አ. ግን ለግል በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ አካባቢ ወደ 3000 የሚጠጋ ድንጋይ በአንድ ቀን ዘነበ። ወጣቱ የፊዚክስ ሊቅ ዣን ባቲስት ቢዮ ወደ ስፍራው ተላከ። ከመንደር መንደር እየዞረ ገበሬዎችን ጠየቀ፤ ቃላቸውን ከድንጋዮቹ አወዳደቅ ጋር አመሳከረ፤ በመጨረሻም ገበሬዎቹ እውነት እንደተናገሩ መሰከረ። ሊቃውንቱ በሠላሳ አምስት ዓመት መንገድ ገበሬው ከቆመበት ደረሱ።

ላቮዋዝዬ አላዋቂ ስለነበረ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ተናጋሪውን ከንግግሩ በፊት ስለመዘነ ነው። ይህ በሽታ ለዲማ እንግዳ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከሚዘረጋባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ዲማ ነው። በፊታውራሪ መሸሻ ዲማ የሥርዓቱን መበስበስ አይቶ በግልጽ የሚናገረው ካሣ ዳምጤ ነበር። ያገሩ ሰው የሰጠው መልስ «ጉዱ ካሣ» የሚል ቅጽል ስም ነው። ስም ማውጣት እዚህ ላይ የማወቅ ሳይሆን ያለማወቅ መሣሪያ ሆነ። ሰውየው አንዴ «ጉዱ» ከተባለ በኋላ የሚናገረውን መመርመር አያስፈልግም። የፓሪስ አካዳሚ «የገበሬ ተረት» ሲል፣ የፊታውራሪው ግቢ «ጉዱ» ሲል የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ምስክሩን ከችሎት ማስወጣት።

ሁለተኛው አስተያየትም ቢሆን ሕዝብን ያከበረ መስሎ ይበድላል። ሺድ ቢሮድን የገጠሙለት ሰዎች በውስጡ ስላለው ፎስፎረስ አልገጠሙም፤ እንዲገጥሙም አይጠበቅባቸውም። «ሁሉን ያውቁ ነበር» ብሎ ማሞገስ እነርሱ በእርግጥ ያወቁትን ነገር ማየት አለመፈለግ ነው። ያወቁት ሌላ ነው። ድንጋዩ የት እንዳለ፣ ከሌላው በምን እንደሚለይ፣ ለምን እንደሚጠቅም፣ በትውልዶች መካከልም ምን ትርጉም እንዳለው ያውቁ ነበር። ይህ ዕውቀት ከቤተ ሙከራው ዕውቀት ያነሰ ወይም የበለጠ ሳይሆን የተለየ ነው። የቤተ ሙከራው ዕውቀትም የራሱ ክብር አለው። የምድራችንን ውስጠኛ አካል በብዛት የሚሞላው ማዕድን ከመሬት በታች ከ600 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት የሚገኝ ስለሆነ ማንም በዓይኑ አላየውም ነበር። ሊቃውንት ስለ እርሱ ለብዙ ዓመታት ቢያውቁም ስም ሳይሰጡት ኖሩ። «ብሪጅማናይት» የተባለው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ እርሱም በ1879 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ላይ በወደቀው የቴናም ሜትዮራይት ውስጥ የተፈጥሮ ናሙናው በመገኘቱ ነው። የምድር ዋነኛ አካል ስሙን ያገኘው ከሰማይ በመጣ ድንጋይ አማካይነት ሆነ። ያላየሁትን አልሰይምም ብሎ ይህን ያህል የሚታገሥ ዕውቀት ሊከበር ይገባዋል። ግን እንዲህ ጥንቁቅ የሆነ ዕውቀት፣ ያየ ሰው ሲገጥመው ያንኑ ጥንቃቄ ለምስክሩ መንፈግ አይገባውም።

የጎጃም ሰው ለዚህ ነገር ምሳሌ ፍለጋ ወደ ሂራን መውረድ አያሻውም። ሰከላ ላይ ያለው ግሽ ዓባይ በውጭ መጻሕፍት ቢያንስ ሁለት ጊዜ «ተገኝቷል»። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ካህን በሚያዝያ 1618 እ.ኤ.አ. ደረሰበት። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በኅዳር 1770 እ.ኤ.አ. ከዚያው ምንጭ ቆመ፤ ቀዳሚነቱንም ለራሱ ለማድረግ የፓኤዝን ምስክርነት አጣጣለ። በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ ርእስ ላይ የናይልን ምንጭ «ለማግኘት» የተጓዘ መሆኑን ጻፈ። ሁለቱ አውሮፓውያን ማን ቀደመ በሚል ተከራካሪ ሆነው በታሪክ ሲቆሙ፣ ሁለቱንም ምንጩ ድረስ የመራው ያገሬው ሰው በክርክሩ ውስጥ ወንበር የለውም። የሰከላ ሰው ግን በምንጩ ይጠመቅ፣ ይፈወስ ነበር፤ አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ሳይርስ እንደተቀበሉም ይተረካል። ፓኤዝና ብሩስ ለአውሮፓ ያመጡት ዕውቀት እውነተኛ ነው፤ ካርታ ተስተካክሎበታል። ብሩስ የዋሸው ባየው ነገር ላይ ሳይሆን በቆጠራው ላይ ነው፤ ተማሪ ሳለ መምህር የሌለው መሰለ።

እስከዚህ ድረስ የተነሣው የክብርና የስም ጉዳይ ነው። «አገኘ» የሚለው ቃል ሁለተኛ ትርጉሙ፣ ማትረፍ፣ ሲመጣ ግን ነገሩ ይከብዳል። ለሳይንስ የበቃችው ቁራጭ 70 ግራም ናት። ቀሪው 15 ቶን ምን ሆነ? አለቱ በ2012 ዓ.ም. ከሸለቆው ተነሥቶ ወደ ሞቃዲሾ ተወሰደ፤ ከዚያም ከሱማሊያ ወጥቶ ቻይና ገባ፤ ለገበያም ቀረበ። ዕውቀት የጠየቀው ከአንድ ጭብጥ እህል ያነሰ ነበር፤ ገበያ የጠየቀው ሁሉንም ነው። ተመራማሪዎቹ አለቱን አልሸጡም፤ ሊከሰሱም አይገባም። ይሁንና የተለየ ማዕድን ያለበት መሆኑ በታወቀ ቁጥር የድንጋዩ ዋጋ ይንራል። የሊቁ ንጹሕ ግኝት በነጋዴው ሚዛን ላይ ክብደት ይሆናል፤ ሊቁ ቢፈልግም ባይፈልግም።

ይህም አዲስ አይደለም። የሰሜን ግሪንላንድ ኢኑይት ሕዝቦች ብረት ማቅለጥ ሳያውቁ የብረት ቢላዋ ነበራቸው፤ በ1818 እ.ኤ.አ. ያገኛቸው የእንግሊዝ መርከበኛ ጆን ሮስ በዚህ ተደንቋል። ብረቱን የሚፈልጡት ከሰማይ ከወደቁ ታላላቅ አለቶች ነበር፤ ለአለቶቹም ድንኳን፣ ሴትና ውሻ የሚሉ ስሞች አውጥተውላቸዋል። በ1894 እ.ኤ.አ. አንድ የአገሩ ሰው አሜሪካዊውን ሮበርት ፒሪን መርቶ አሳየው። ፒሪ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስቱንም በመርከብ ጭኖ ወሰዳቸው፤ ትልቁ ብቻ 31 ቶን ገደማ ነው። በኋላም ለኒው ዮርኩ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በ40,000 ዶላር ተሸጡ። ያሳየው ሰው አገኘ አልተባለም፤ የተባለው የጫነው ነው።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል የኢትዮጵያ ታሪክ ራሱ ምስክር አለው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሀዳር ላይ የተገኘው ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው አፅም በፈረንጅ አፍ «ሉሲ» ተባለ፤ ስሙ በዚያ ሰሞን በሰፈሩ ይሰማ ከነበረ የእንግሊዝኛ ዘፈን የተወሰደ ነው። በአማርኛ «ድንቅነሽ» ተብላለች። ሁለቱም ስሞች እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይኖራሉ። አፅሟ ለጥናትና ለእይታ ባሕር ተሻግሮ ያውቃል፤ ተመልሶም መኖሪያው አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። በመላው ዓለም ያሉ ሊቃውንት ስለ እርሷ ጽፈዋል፤ ከዚህ የተነሣ ዕውቀት አልተጓደለም። ስለዚህ መመርመርና መውሰድ የግድ አንድ ላይ የተሰፉ አይደሉም። የሚሰፋቸው ሰው ነው፤ የሚተረትራቸውም ሰው ነው።

እዚህ ላይ የማግኘት ዕዳ ምን እንደሆነ መናገር ይቻላል። አግኚ ሦስት ነገሮችን ይበደራል። ከቀደመው ሰው መንገዱን ይበደራል፤ ይህን የሚከፍለው ስሙን በመጥራት ነው። ከስፍራው ነገሩን ይበደራል፤ ይህን የሚከፍለው ከሚያስፈልገው በላይ ባለመውሰድ ነው። ከቋንቋው ትርጉሙን ይበደራል፤ ይህን የሚከፍለው ያገኘውን ለባለቤቶቹ በሚገባቸው ቃል መልሶ በመንገር ነው። መንደሪቱ በኤላሊአይት ስም ውስጥ መኖሯ የመጀመሪያው ዕዳ በከፊል መከፈሉን ያሳያል፤ «ሺድ ቢሮድ» የሚለው ስም ግን ከሦስቱ ማዕድናት በአንዱም ላይ የለም። ሁለተኛው ዕዳ አልተከፈለም። ሦስተኛው፣ ማለትም በእነዚያ 70 ግራሞች ውስጥ የታየው ነገር በሱማሊኛ ለግመል አርቢው ልጅ መነገሩ፣ ከሁሉ ቀላሉና ርካሹ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው።

ይህ ዕዳ የማዕድን ሊቃውንትን ብቻ የሚመለከት ሆኖ የሚታየው ሰው ቢኖር ወደ ራሱ ሙያ ይመልከት። ከአዝማሪ አፍ ዜማ ቀድቶ በመድረክ ላይ የራሱን ስም የሚያስነግር የሙዚቃ ሰው፣ ከአልቃሽ እንጉርጉሮ ሰምቶ በመጽሐፉ ላይ «ሥነ ቃል» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ደራሲ፣ ከገበሬው የሰማውን የአፈርና የዘር ዕውቀት በሪፖርቱ ላይ የራሱ ጥናት አድርጎ የሚያቀርብ ካድሬ፣ ተማሪው የጠየቀውን ብልህ ጥያቄ በማግሥቱ በሌላ ክፍል የራሱ አድርጎ የሚናገር መምህር፣ ሁሉም በየሸለቆው ሺድ ቢሮድ አላቸው። «ሕዝባዊ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ በተለይ አደገኛ ነው። ሕዝብ የሚለው የጋራ ስም የአንዷን አልቃሽ የተለየ ስም ለመሰረዝ ሲውል ክብር መስሎ የሚታይ ስርቆት ይሆናል። ያቺ ሴት ስም አላት፤ መንደርም አላት፤ የሚጠይቃት ቢኖር ከማን እንደተማረችው ትናገራለች።

ለከያኒ ቀደም ሲል የሠራ ሰው እንዳለ ማመን ሥራውን የሚያሳንስ ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ቢዮ የገበሬዎቹን ቃል ስለጠቀሰ በሳይንስ ታሪክ አልተናቀም፤ ይልቁንም የሚታወስበት አንዱ ሥራ ያ ነው። የሚያንሰው ምስክሮቹን የሚደብቅ ነው፤ ምክንያቱም ከእርሱ በኋላ የሚመጣ መርማሪ ሥራውን የሚፈትንበት መንገድ አያገኝም። ሐረጉን የሚቆርጥ ሰው የራሱንም ቀጣይ ይቆርጣል።

ከሰማይ የወደቀው አለት ስለ ራሱ ምንም አይናገርም፤ የሥርዓተ ፀሐይን የልጅነት ዘመን በሆዱ ይዞ ዝም ብሎ ይኖራል። የሰው ልጅ ከእርሱ ጋር ባደረገው ግንኙነት አንዱ ስለት አወጣበት፣ አንዱ ግጥም አወጣበት፣ አንዱ ማዕድን አወጣበት፣ አንዱ ገንዘብ አወጣበት። ከአራቱ ሦስቱ አለቱን ሳያጎድሉት ወይም በጥቂት ግራም ብቻ አጉድለው የፈለጉትን አግኝተዋል። አራተኛው ብቻ ነው ሌሎቹን ባዶ እጃቸውን የሚያስቀር። ዛሬ በሂራን ሸለቆ ውስጥ ድንጋዩ የነበረበት ስፍራ አለ፤ ስለ ድንጋዩ የተገጠሙት ግጥሞችም በሰዎች አፍ አሉ። አያቱ ሲገጥሙ የሰማ ልጅ «ይህ የምትሉት የብረት ድንጋይ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ምን አገኘው?» የሚለው ቃል ሦስተኛ ትርጉሙን ይዞ ይመጣል። ለዚያ ልጅ መልስ መስጠት ያለበት የአገሩ ሰው ብቻ አይደለም።